አሊናፌና የሚሸሸው ሐይቅ

አሊናፌ ልጄ ናት። «ልጄ ናት» ስል ግን ልብ በሉ፤ እዚህ ቺሲ ደሴት ላይ እንዲህ ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር ለኔ ቢጤው አይፈቀድም። እኔ አማች ነኝ። ሚስት አግብቼ ወደ ሚስቴ መንደር የገባሁ፣ ቤት የሠራሁ፣ ጣራ የከደንኩ፣ ታንኳ የጠረብኩ ሰው ነኝ፤ ልጆቹ ግን የሚቆጠሩት ለእናታቸው ወንድም ነው። እኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። የኔም እህቶች ልጆች ከሐይቁ ማዶ፣ በእናቴ መንደር፣ የኔን ቃል ይጠብቃሉ። እዚያ ስሄድ ወንበር ይወጣልኛል፤ እመክራለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ተከብሬ እመለሳለሁ። እዚህ ስደርስ ወንበሩ የላስተን ነው፤ እኔ በሩ ጋ፣ የምንጣፉ ጫፍ ላይ ነው ቦታዬ። ላስተን የሚስቴ የኤስናርት ወንድም ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ «ጋሼ ላስተን» የምለው ግን እኔ ነኝ። ያንገበግብሃል ወይ ብትሉኝ፣ ኧረ እንዴታ! ሲያንገበግበኝ ነው የኖርኩት።

አሊናፌ ቁጭ ባለችበት የምትሄድ ልጅ ነበረች። በቆሎ ስትወቅጥ ዘነዘናው አየር ላይ ይቀራል። እሳት ዳር አስቀምጠናት ንሲማው ያራል፤ እሷ የለችም። እናቷ «ተመለሽ አንቺ ልጅ! ገንፎው ከሰል ሆነ እኮ!» ብላ ትጮኽባታለች። ልጅቱ ብንን ትልና ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው ፈገግ ትላለች። ኤስናርት እኔን ዞር ብላ ታየኛለች፤ «ከማን እንደወረሰችው እኮ አውቃለሁ» ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። ልጅቱ የምትሄድበትን ቦታ አውቀው ነበር፤ እኔም ብዙ ጊዜ እዚያው ስለምውል።

ሐይቃችንን ያየ ሰው አይፈርድብንም። ጥልቀት የለውም፤ ማለዳ ላይ ደግሞ ዳርቻም የለውም። ውኃው ወደ ሰማይ ይገባል፣ ሰማዩ ወደ ውኃ ይወርዳል፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከማዶ የሚመጣ ታንኳ ከላይ እየወረደ ይመስላል። ዓሣ አጥማጆቹ ሸምበቆ አንጥፈው በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ጎጆ ይሠራሉ፤ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ዓሣ ያጨሳሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ጎጆው ከነሳቁ ከነጨዋታው ወደሌላ ቦታ ይሄዳል። ሰው ሳይታይህ ሳቅ ትሰማለህ። እዚህ ያደገ ሰው ሕልሙንና ውኑን አይለይም ቢሉኝ አልከራከርም።

ሐይቁ ደግሞ ይሸሻል። በስንት ዓመት አንዴ ይነሣና ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ «ከዞምባ ተራራ ሥር ወደተኛው እባብ፣ ወደ ናፖሎ ሄዶ ነው፤ እዚያ ተኝቶ ይመለሳል» ይላሉ። ኤስናርት የሞተችው ሐይቁ በሸሸበት ዓመት ነው። በምጥ ነው የሞተችው፤ ሕፃኑም አልተረፈም። አሊናፌ ገና የወተት ጥርሷን እየለወጠች ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ውኃው ጨርሶ ጠፋ። ድሮ በታንኳ የምሄድበትን መሬት ከልጄ ጋር በእግሬ ሄድኩበት። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ታንኳዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። በሩቅ የሚሄዱ ሰዎች በሙቀቱ ውስጥ እግር የሌላቸው ይመስላሉ፤ ከወገባቸው በላይ ብቻ በአየር ላይ ይሄዳሉ። እጇ እጄ ውስጥ ነው።

«አባዬ፣ ዓሣዎቹ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«አጎታቸው ጋ» አልኳት። እኛ አገር የት ሄደ ለተባለ ልጅ መልሱ ይኸው ነው፤ መቀለዴ ነበር።

አልሳቀችም። «መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ውኃው ሲመለስ።»

«ሁሉም ይመለሳሉ?»

ስለ ማን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።  አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት፤ መንገዱን ሁሉ ፀጉሬን ይዛ ተመለስን።

በዚያ ቀን ከደረቀ ኩሬ ውስጥ አንድ ጓል ጭቃ ይዛ መጥታ ኖሯል። የተሰበረ እንስራ ውስጥ ጨመረችው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከጣራው የወረደውን ውኃ አፈሰሰችበት። ከጥቂት ቀን በኋላ እየሮጠች መጣች፤ «አባዬ ና! ና እይ!» ብላ እጄን ጎተተችኝ። አጎንብሼ አየሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን ሁለት ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይን ነው። ዓይን ብቻ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጅራት ያለው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ፀጉሬ ቆመ።

«አልሄዱም ነበር!» አለችኝ። «አባዬ፣ እዚሁ ነበሩ! ጭቃው ውስጥ ተኝተው ነበር!»

እማማ ኤቬሌሲ የኤስናርት አክስት ናቸው፤ የቤቱ ትልቅ ሰው፣ ምላሳቸው ከጦር የሚብስ። እንስራውን አይተው ሦስቴ «ቱ! ቱ! ቱ!» አሉ። «ይሄን ድፉት! ከደረቅ ጭቃ ዓሣ የምታወጣ ልጅ ነገ ምን ልታወጣብን ነው? አንተ አማች፣ ልጅ እያሳደግህ ነው ጠንቋይ?» ልጅቱ ስታለቅስ አላስችል አለኝ፤ እንስራውን ወስጄ ከቤቱ ጀርባ ሸሸግሁላት። ዓሣዎቹ አደጉ፤ ቀይ ጅራት አወጡ። ሐይቁ ሲመለስ ወስዳ ለቀቀቻቸው።

ላስተን የማዕድን ጉድጓድ ከሚቆፍርበት ከጆሃንስበርግ የመጣው ሐይቁ ደርቆ ሳለ ነው። ከማዶ እስከ ደጃፋችን ድረስ ጫማውን ሳያርስ ገባ። እህቱን እንዴት ይወዳት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። መቃብሯ ላይ ተደፍቶ እስኪነጋ… ምን ልበላችሁ፣ ሦስት ሰው ነው ያነሣው። «ምን ገደላት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰዎቹ «ክሊኒኩ ባዶ ነበር፤ ነርስ አጥታ ነው የሞተችው» አሉት። በዘመድ ሁሉ ፊት እጁን አሊናፌ ራስ ላይ ጫነ። «ከዚህ ቤት ነርስ ይወጣል» አለ። «እህቴ ነርስ ባጣችበት ወንበር ላይ ልጇ ትቀመጣለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጠፋ፤ ደሴቱ ሁሉ «ነርሳችን» ይላት ጀመር። ሸንኮራ እያኘከች ስታልፍ ሽማግሌው «ነርሳችን፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ እኮ» ይሏታል። የሚያጣብቅ እጇን ጉልበታቸው ላይ ታደርጋለች፤ «ኧረ ተሻለኝ!» ይላሉ። ሳቅ ነው፤ ግን የምራቸውንም ነው። ላስተንም ወደ ጆሃንስበርግ አልተመለሰም። መረብ ገዛ፣ ዓሣ አጠመደ፣ ትምህርት ቤት አመላለሳት፣ ወባ ሲይዛት አጠገቧ አደረ። ከኔ ይልቅ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ይህን ብክድ አምላክ ይታዘበኛል።

ኮሌጅ ገባች፤ ለነርስነት። ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለዕረፍት ስትመጣ አጎቷ «ነጩን ልብስ ለብሰሽ እንይሽ» አላትና ለብሳ በመንደሩ ዞረች። አሮጊቶቹ ተሰለፉላት። ላስተን ከኋላዋ ይሄዳል፤ የሚስቅ ይመስላል፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል። እኔ ልጄን አየኋት። ልብሱ ውስጥ የለችም። ዘነዘናው አየር ላይ ነው።

በማግስቱ ማለዳ መረብ ልናነሣ ወጣን። እኔ ታንኳውን በረጅሙ እንጨት እየገፋሁ፣ እሷ ታንኳው አፍንጫ ላይ። ጉሙ ገና አልተነሣም።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ጥሩ ሴት አግብተህ፣ ሙያ ያላት፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግናት፣ አንተ ግን ቤት ስትገባ ልብህ ውጭ የሚቀርባት… እንዲህ ሆኖብህ ያውቃል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ያገባሁት እናትሽን ነው! ቆይ፣ ባል አገኘሽ እንዴ? ተናገሪ!»

ሳቀች፤ ሳቋ በውኃው ላይ ሄደ። «ትምህርቱን ነው የምልህ። እጄ ይሠራል፤ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ አስተማሪዎቼም ይወዱኛል። እኔ ግን እዚያ የለሁም። ባለፈው አንዲት ታማሚ እጄን ይዛ ‹ልጄ፣ የት ሄድሽ?› አለችኝ። አፈርኩ አባዬ። ታማ የተኛች ሴት እኔን ፈለገችኝ።»

ታንኳውን መግፋት ተውኩ። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከነርሶቹ ክፍል ማዶ የውኃና የዓሣ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት አለ፤ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ዓሣ። ምሳ ሰዓት እዚያ ሄዳ ትቆማለች፤ ምሳው ያልፋታል። ትምህርቷን ወደዚያ መለወጥ ትፈልጋለች። የኮሌጁ ኃላፊ ከፈቀደና ቤተሰብ ከተስማማ አዲሱ ትምህርት ሳይከፈት መለወጥ ይቻላል። ከተከፈተ ግን አለቀ፤ ነርስ ሆና ትጨርሳለች።

«ለአጎትሽ ነገርሽው?» አልኳት።

«ለአንተ ነው የነገርኩህ።»

ኤስናርት ከሞተች ወዲህ በዚያ ደሴት ላይ ማንም ሰው አንድ ነገር ቀድሞ ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። ውኃውን አየሁ፣ ጉሙን አየሁ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ፍርሃቴንም እንዲሁ።

ኃላፊው ዶክተር ሉሃንጋ የሰሜን ሰው ናቸው። ሰሜኖች ከብት ሰጥተው ነው የሚያገቡት፤ እነሱ ዘንድ ልጅ የአባቱ ነው፤ የእናት ወንድም መጥቶ በልቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ስለዚህ አሊናፌ ሄዳ ስትጠይቃቸው «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። መጥታ ስትነግረኝ ከንፈሯን ነክሳ ነው። «አባትሽን ነው ያሉት እኮ። እኔ ምን ላድርግ?» የልጅ ተንኮል! እኔስ «አይ፣ እኛ ዘንድ የሚጠራው አጎት ነው» ማለት አልነበረብኝም? ኧረ ተዉኝ! እስቲ ማነው ለሠርግ ተጠርቶ «ቤት ተሳስታችኋል» የሚል?

ኮት ተውሼ ሄድኩ። በታንኳ ተሻገርን፤ ከዚያ የደረቀ ዓሣ ከጫነች ፒክአፕ ጀርባ ላይ ወጣን። የዞምባ ተራራ ራሱን ደመና ውስጥ ከቶ ተኝቷል። ኮሌጁ ግቢ ስንገባ ዛፎቹ ሐምራዊ አበባቸውን አራግፈው መንገዱን ሸፍነውታል፤ በላዩ ላይ መራመድ ፈራሁ።

«እንኳን ደህና መጡ አቶ ሳንድራም። ይቀመጡ» አሉኝ ዶክተሩ። ወንበር ነው! ባለመደገፊያ። ቁጭ ስል ኮቱ ራሱ የኔ የሆነ መሰለኝ።

«የልጅቱ አባት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!» ሳላስበው ጮህኩ።

«በልጅዎ ሐሳብ ይስማማሉ? በነርስነቱ እኮ ጎበዝ ናት። ብትጨርሰው አይሻልም ይላሉ?»

ማንን ነው የሚጠይቁት ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ! «ዶክተር፣ ታንኳ ሁሉ ይንሳፈፋል። ሁሉም ግን ሰው የሚፈልገው ቦታ አያደርሰውም። እስማማለሁ» አልኳቸው።

ዶክተሩ ሳቁ። «እኔም ተስማምቻለሁ» አሉ። አለቀ። ስንመለስ በባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተጋድሜ ሰማዩን እያየሁ ሄድኩ። አሊናፌ ትዘፍናለች። ያን ቀን ፒክአፗ መሬት ረግጣ የሄደች አይመስለኝም።

ወሬ ክንፍ አለው። ፒክአፗ ላይ አብራን የነበረች ዓሣ ነጋዴ ከኛ ቀድማ ለደሴቱ አደረሰችው። ቤቴ ስገባ ላስተን በሩ ላይ ቆሟል።

«ማነው የሰጣት?» አለኝ።

«ጋሼ ላስተን፣ ሰውየው እኮ አባት ነው የጠሩት…»

«አባት!» ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ። «አማች ልጅ ሰጥቶ ያውቃል? ዶሮ እንኳ ስታርድ ጠይቀኸኝ ነው! ኤስናርት ስትሞት ‹አልጋህን ይዘህ ወደ እናትህ አገር ሂድ› ማለት እችል ነበር፤ ደንባችን ነው። ያስቀመጥኩህ ለልጅቱ ብዬ ነው። አንተ ግን የእናቷን ደም ሸጥክብኝ።»

እሑድ ዘመድ እንዲሰበሰብ አዘዘ። እሱ ራሱ ዶክተሩ ዘንድ ሄዶ «የሰጣት ሰው መስጠት የማይችል ነው» ብሎ ሊያስመልሳት፣ እኔም ታንኳዬን ይዤ ልሄድ ነው።

አሊናፌን ጠየቅኋት፤ «ዶክተሩ ፈቅደዋል፤ ዝም ብለሽ ብትሄጂስ?»

«አጎቴን አስለቅሼ?» አለችኝ። «እንቢ ካለ አልሄድም አባዬ። እሱ አይደል እንዴ ያሳደገኝ። እሱን ረግጬ የደረስኩበት ቦታ ምን ይጠቅመኛል?» እውነቷን ነው፤ እውነቷን መሆኑ ነው የቆረጠኝ። ነገሩ ሁሉ በላስተን አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ተነጠፈ። ላስተን ወንበሩ ላይ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን፣ እማማ ኤቬሌሲ ከፊት፣ እኔ በሩ ጋ። አሊናፌ እንደ ደንቡ በአጎቷ ፊት ተንበረከከች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የደረቀ ሸምበቆ ሽታ ይዟል። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለ። «እናትሽ ነርስ አጥታ ሞተች። ክሊኒኩ ባዶ ነበር። እኔ ወንድሟ ሩቅ አገር ሆኜ ለሰው ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ሳልቀብራት ቀረሁ። አንቺን ነጭ ለብሰሽ ባየሁ ቁጥር ልክ እሷ የተረፈች ይመስለኛል። ለአፍታ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። ያቺን አፍታ ነው የምለምንሽ። እሷን ትተሽ ዓሣ ልትቆጥሪ ነው?»

ሴቶቹ አለቀሱ። አሊናፌ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አደረገች። 

«ይቅር በለኝ አጎቴ» አለች። «እመለሳለሁ። ነርስ እሆናለሁ።»

ልጄ ስትሄድ አየኋት። እንደተንበረከከች ዓይኔ እያየ ሄደች፤ ይሄኛው አካሄዷ ግን መመለሻ የለውም። የዝም በል ደንብ እንዳለ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ አክብሬዋለሁ። ያን ቀን ግን አፈረስኩት።

«ክሊኒኩ ነርስ ነበረው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ዝም በል አንተ!» አሉ እማማ ኤቬሌሲ። «በዘመድ መካከል አማች ይናገራል እንዴ? ምን ጊዜ ላይ ደረስን!»

«ምን አልክ?» አለ ላስተን።

«ነርስ ነበረች፣ ጋሼ ላስተን። ክሊኒኩ ባዶ አልነበረም።»

ተነሥቼ ቆምኩ። ነገርኩት። ምጧ ማለዳ መጣ፤ ታንኳው ላይ አስተኛናት። ሐይቁ እየሸሸ ነበር። በኛና በማዶ መካከል ጭቃ ነው፤ ለታንኳ የወፈረ፣ ለእግር የላላ። እኔና ሁለት የሸምበቆ ጎጆ ሰዎች እስከ ወገባችን ሰምጠን ታንኳውን እንጎትታለን፤ አንድ እግር ስናወጣ ሌላው ይገባል። ክሊኒኩ ይታየናል። ጣራው፣ በሩ፣ ደጁ ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ይታዩናል። ፀሐይ ወጥታ አናታችን ላይ ደረሰች፤ እኛ ገና እዚያው ነን። ኤስናርት እያቃሰተች «አሊናፌ በልታለች?» ትለኛለች። «በልታለች» እላታለሁ። ከዚያ ከማዶ አንዲት ነርስ ስታየን ጫማዋን ጣለች፣ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አሰረች፣ ጭቃው ውስጥ ገባች። እየወደቀች፣ እየተነሣች መጣች። መሀል ላይ ተገናኘን። እዚያው ታንኳው ውስጥ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ጭቃው ግን ጊዜያችንን በልቶት ነበር። ኤስናርት ያረፈችው በነርስ እጅ ነው። ሴትየዋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ከኔ ይልቅ ጮኻ አለቀሰች።

ላስተን ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን… ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አልኩት። «በለቅሶ ላይ አማች ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሐይቁ ሲደርቅ ወደ ሞዛምቢክ ሄዱ፤ አልተመለሱም። የቀረው ሰው የሰማውን ነገረህ። አንተ ስትመጣ መሬቱ ደርቆ ነበር፤ በጫማህ ገባህ፤ ጭቃውን አላየኸውም። ያየውስ ሰው ቢሆን፣ ጭቃን ማን ይከሳል?»

 ከውኃው ዳር የወፎች ጩኸት ይሰማል። ላስተን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

«ታዲያ እኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልጅቱን የላክኋት ያልጎደለ ቦታ እንድትሞላ ነው?»

 እማማ ኤቬሌሲ አላስችል አላቸው። «እሺ ይሁን! ሐይቅ ተምራስ ሐይቁን ከመሸሽ ልታስቀረው ነው?»

አሊናፌ ቀና አለች። ይህን ታሪክ ያን ቀን ገና መስማቷ ነበር፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። «አላስቀረውም እማማ» አለች። «ግን ድንገት አይሸሽም። ቀድሞ ምልክት አለው፤ ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቀው ሰው ካለ ያየዋል። ያን ጊዜ የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ እናቴ ጭቃው ሳይመጣ ማዶ ተሻግራ ትቀመጥ ነበር። በእግሯ ትሄድ ነበር ክሊኒኩ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስትናገር እዚያው ነበረች። ሙሉ በሙሉ። ዓይኗ፣ ድምፅዋ፣ ጉልበቷ፣ ሁሉም እዚያው።

ላስተን በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «አሊናፌ» አላት።

«አቤት አጎቴ።»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። አባትሽን ጠይቂ።»

ሴቶቹ «እህ!» አሉ። አንዷ አፏን ያዘች። አሊናፌ መጀመሪያ አልገባትም፤ አጎቷን አየችው። እሱ በአገጩ ወደ በሩ ጠቆማት። ከዚያ በጉልበቷ ላይ እንዳለች ቀስ ብላ ዞረች፤ በዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል፣ ወደ ምንጣፉ ጫፍ፣ ወደኔ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ልሂድ?»

እኔ ዶክተሩ ፊት ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩት ሰውዬ ምላሴ ተሳሰረ። ያን ጊዜ ቃሉ ቀላል ነበር፤ የተዋስኩት ነበር። ይሄኛው የራሴ ነው፤ ከበደኝ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ እንጂ እኔም ራሴ አልሰማሁትም።

እማማ ኤቬሌሲ ከፊት ተነሥተው መጥተው በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ጮክ ብለህ ንገራት እንጂ» አሉኝ፣ «አባት አይደለህም እንዴ?»

ጮክ ብዬ ነገርኳት።